ጀልባው እስኪመጣ

ፎቶውን ታውቁታላችሁ። ነጭ አሸዋ፣ ወደ ውኃው ያዘነበለ አንድ ዘንባባ፣ ሁለት ባዶ ወንበሮች፣ ከኋላ ሰማይና ባሕር። እንጀራዬ ማስታወቂያ ነውና እንዲህ ያለ ፎቶ ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው በፎቶው ላይ የሌለውን ነው። ሰው የለም። መንገድ የለም። ሱቅ የለም። ወረፋ የለም። የደሴት ሪዞርት የሚሸጠው ይህንኑ «የለም» ነው፤ «የለም» በበዛ ቁጥር ዋጋውም ይጨምራል። ለአዲስ ሙሽሮች ነገሩ ግልጽ ነው። ሁለት ልጆች፣ አንዲት አያትና አራት ሻንጣ ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ ግን ጥያቄ አለው። ምንም በሌለበት ቦታ አምስት ቀን ምን ይሠራል? ለዚያስ ይህ ሁሉ ብር ይወጣል ወይ?

የዚህ ወር ጽሑፌ ስለዚሁ ነው። ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ከባለቤቴ፣ ከሁለቱ ልጆቻችንና ከባለቤቴ እናት ጋር ሲሼልስ ነበርን። ሲሼልስ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የተበተኑ 115 ደሴቶች ያሏት ሀገር ናት። ዋናዋ ደሴት ማሄ ከቦሌ በቀጥታ በረራ አራት ሰዓት ያህል ትርቃለች። እኛ ያረፍነው ግን ማሄ ላይ ሳይሆን ከእሷ በስተሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በሲሉኤት ደሴት ነው። 20 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት፣ ከ700 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ፣ ላ ፓስ የምትባል አንዲት መንደር፣ አንድ ትልቅ ሪዞርት። በቃ። የመኪና መንገድ የላትም፤ አብዛኛው መሬቷም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው። የምትደርሱባት በጀልባ ነው፤ ጉዞው አንድ ሰዓት አይሞላም።

«ለምን ዛንዚባር አልሆነም?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ዛንዚባር ደስ ይላል፤ ግን ገበያ አለው፣ ከተማ አለው፣ ከሪዞርት ወጥታችሁ የምትጠፉበት ጠባብ ጠባብ መንገድ አለው። እኛ የፈለግነው ሌላ ነበር። በዚያ ላይ ሲሼልስ ወባ የለባትም፤ የአምስት ዓመት ልጅ ለያዘ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መርዘኛ እባብም የላትም። ቪዛ ቀድማችሁ ማውጣት አይጠበቅባችሁም፤ ከጉዞው በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ ትሞላላችሁ፣ የመመለሻ ቲኬትና የማረፊያ ማረጋገጫ ታሳያላችሁ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግን ከኢትዮጵያ ለሚነሣ ሰው ግዴታ ነው። ከዓመት በላይ የሆነ ልጅም ካርዱን መያዝ አለበት፤ የሁሉንም ካርድ አንድ ላይ ያዙት።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ100 ብር በላይ መውጣቱን ሁላችንም በኪሳችን አይተነዋል። የደሴቶቹ ሪዞርቶች ደግሞ ዋጋቸውን በአብዛኛው የሚናገሩት በዩሮ ነው። ስለዚህ የእኛ ቤተሰብ ለዚህ ጉዞ ሁለት ዓመት አጠራቅሟል፤ ዕቁብም ገብተንበታል። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቀኝ ነገር ልንገራችሁ። ደሴቷ ስሟን ያገኘችው ከኤትየን ደ ሲሉኤት ነው ይባላል። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1759 የፈረንሳይ ንጉሥ የገንዘብ ሹም የነበረ፣ ቁጠባን በማብዛቱ ሕዝቡ የቀለደበት ሰው ነው። በጥቁር ጥላ ብቻ የሚሠራው ርካሽ የሰው ምስል እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራው በዚያ ቀልድ የተነሣ ነው። በቆጣቢ ሰው ስም በተጠራች ደሴት ላይ ነው እንግዲህ የሁለት ዓመት ዕቁብ የሚቀልጠው።

ብሮሹር ማንበብ ሙያዬ ስለሆነ ጥቂት ነገር ልጠቁማችሁ። «ከ… ጀምሮ» የሚል ዋጋ የምታዩበት ክፍል በዓመቱ ውስጥ በቀዘቀዘው ሳምንት፣ ለሁለት ሰው፣ ቁርስ ብቻ ተካቶ የሚሸጠው ነው። ከተማ ውስጥ ቢሆን ቁርስ ብቻ መያዝ ብልህነት ነው፤ ወጣ ብላችሁ ርካሽ ምግብ ቤት ትፈልጋላችሁ። ደሴት ላይ ግን ከሪዞርቱ ውጭ ያለው ምርጫ እጅግ ጠባብ ስለሆነ የአምስት ሰው እራት በየምሽቱ በሪዞርቱ ዋጋ ትከፍላላችሁ። ቁርስና እራት ያለበትን፣ ቢቻል ሦስቱንም ምግብ የያዘውን ጠይቁ። ውኃስ? የታሸገ ውኃ በዋጋው ውስጥ መኖሩን በጽሑፍ አረጋግጡ፤ በዚያ ወበቅ አምስት ሰው የሚጠጣው ውኃ ቀላል አይደለም። ልጅ የሚባለው እስከ ስንት ዓመት እንደሆነም ጠይቁ፤ አንዱ ቦታ 12 ነው፣ ሌላው ቦታ 6። የጀልባው ዋጋ ተለይቶ ይጻፍላችሁ። እኛን ያነጋገረን አንድ የጉዞ ወኪል «ትራንስፖርትን ጨምሮ» ብሎ የሰጠን ዋጋ ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ ጀልባው ወደብ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ባሕሩን በእግራችን እንድንሻገር ነበር መሰለኝ።

ፎቶዎቹ የሚነሡት ውኃው ሞልቶ ሲመጣ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ሲሸሽ ያ ሰማያዊ ውኃ ቁርጭምጭሚት ላይ ይደርስና ኮራልና ድንጋይ ብቅ ይላል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ እንዲያውም ለልጆች ምርጡ ሰዓት እሱ ነው፤ ሸርጣንና ትናንሽ ዓሣ በየጉድጓዱ ይቀራል። ግን የሚረግጡት ነገር ስለት አለውና የጎማ ጫማ ለሁሉም ሰው ያስፈልጋል። «የባሕር ዳር ቪላ» እና «የአትክልት ቪላ» በሚባሉት መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ብዙ ጊዜ የሠላሳ እርምጃ ልዩነት ነው። እኛ ሠላሳውን እርምጃ ተራምደን ልዩነቱን ለምሳ አዋልነው።

መቼ ይሄዳል? የነፋሱን ነገር ከያዛችሁ ቀሪው ቀላል ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ አየሩን ቀዝቀዝና ደረቅ ያደርገዋል፤ ባሕሩን ግን ያናውጠዋል፣ በአንዳንድ ዳርቻዎችም የባሕር ሣር ያከማቻል። የእኛ የክረምት እረፍት ደግሞ የሚውለው እዚያ ውስጥ ነው። ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣና ዝናብ ይበዛል፤ ጥር፣ ማለትም ጥምቀታችን፣ ዋናው የዝናብ ወር ነው። በሁለቱ ነፋሶች መካከል ሚያዝያና ጥቅምት አካባቢ ባሕሩ ጸጥ ይላል፤ ውኃውም ይጠራል። ሚያዝያ ማለት ደግሞ ለእኛ ፋሲካ ማለት ነው። ጾሙ ተፈትቷል፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ እስከ ጰራቅሊጦስ አይጾምም፣ በየምሳው «ይኼ ውስጥ ወተት አለ?» እያሉ መጠየቅ የለም። በጾም ብትሄዱም ግን አትራቡም፤ የሀገሬው ምግብ የኮኮናት ወተት፣ ምስርና አትክልት የበዛበት፣ ከሕንድ የተወረሰ ቅመም ያለበት ነው።

ማሄ ላይ ጀልባው እስኪደርስ ቪክቶሪያ ከተማ ወዳለው ቦታኒካል ጋርደን ሄደን ግዙፎቹን ዔሊዎች አየን። አማቴ ባሕርም ሆነ እንዲህ ያለ ዔሊ አይተው አያውቁም። «ይኼ ዔሊ ነው? የእንጀራ ሞሶብ የሚያህል!» አሉና ትንሽ ፈገግ ብለው ከአንገቱ ሥር አከኩት። አንገቱን አስረዝሞ ቆመላቸው። ከሲሼልስ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በአልዳብራ እንዲህ ያሉ 100,000 ያህል ዔሊዎች አሉ ስላቸው «እነሱ ናቸዋ ባለ አገሮቹ» አሉ። ባሕሩ ዳር ደርሰው ውኃውን በጣታቸው ከቀመሱ በኋላ ግን ተቆጡ። «ይኼ ሁሉ ውኃ ተኝቶ አንድ ስኒ ቡና አይፈላበትም?»

የመጀመሪያው ቀን በማየት ያልቃል። ሁለተኛው ቀን በመዋኘት። የአዲስ አበባ ልጆች አብዛኞቹ ዋና አይችሉም፤ በክንድ ላይ የሚጠለቀው የሚነፋ ፕላስቲክም ልጅን አያድንም። ከጉዞው ሁለት ወር በፊት በአቅራቢያችሁ ባለ ገንዳ ዋና አስጀምሯቸው። ዳርቻው ላይ ጠባቂ ይኑር አይኑር ጠይቁ፤ ካለም እንኳ ትንሹ ልጅ ውኃ ውስጥ ሲሆን ከአዋቂ አንዱ በእጅ በሚደረስበት ርቀት ይሁን። ተራ ግቡ። ፀሐዩ ከምድር ወገብ ሥር ነው፤ ከ5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ጥላ ውስጥ ዋሉ። መድኃኒት ደግሞ ከቤት ይያዝ። ትንሹ ልጄ በሁለተኛው ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ጆሮውን ይዞ ሲነሣ፣ «ፋርማሲ» የሚባለው ነገር በጨለማ ባሕር ማዶ ነበር። አማቴ ሻንጣቸው ውስጥ የማስታገሻ ሽሮፑን፣ ቴርሞሜትሩንና፣ ማን እንደፈቀደላቸው አላውቅም፣ አንድ እሽግ ጤና አዳም ይዘው መጥተው ነበር። ሽሮፑ ሠራ። ጤና አዳሙም ቡና ላይ ሠራ።

ሦስተኛው ቀን ላይ «ሰለቸኝ» ይመጣል። የሪዞርት ሰዎች ይህን ያውቃሉ፤ ለዚያም ነው የልጆች ክበብ የሚያዘጋጁት፤ ልጆቹን ጠዋት አስረክባችሁ ማታ ትረከባላችሁ። ዓመቱን ሙሉ ከልጆቹ ጋር ቤት የዋለ ወላጅ ቢጠቀምበት እፈርድበታለሁ? አልፈርድም። ግን የራሳችንን ኑሮ በወረቀት ላይ እንየው። ከቢሮ ወጥታችሁ፣ መንገዱን ታግላችሁ፣ ቤት የምትደርሱት ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው እንበል። ልጆቹ 3 ሰዓት ላይ ይተኛሉ። በቀን 1 ሰዓት ተኩል፣ በአምስቱ የሥራ ቀናት 7 ሰዓት ተኩል። የቤት ሥራውንና እራቱን አልቀነስኩም። ደሴት ላይ ልጅ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት አጠገባችሁ ነው፤ 13 ሰዓት። አምስት ቀን ሲሆን 65 ሰዓት። ከስምንት ሳምንት በላይ የሥራ ቀን ምሽቶች ማለት ነው። እኔ የከፈልኩት ለእነዚህ ሰዓታት ነው። ከፍዬ የገዛሁትን ሰዓት መልሼ ለክበቡ መስጠት ለእኔ አይሆንም፤ ይህ የእኔ ሒሳብ ነው፤ የእናንተን እናንተ አስሉት።

አባወራዎች ሆይ፣ ዋይፋይ አለ። «ሩቅ ደሴት ነው፣ አይሠራም» ብላችሁ ለአለቃችሁ መንገር አትችሉም። የእኛው አባወራ የግንባታ ሥራ ላይ ነው፤ ሁለተኛውን ቀን ግማሹን በታካማካ ዛፍ ጥላ ሥር ስለ አርማታ ብረት ሲከራከር ዋለ። ግን ከዚያ በላይ ማድረግ የሚችለው አልነበረም። ላንጋኖ ቢሆን ኖሮ መኪናውን አስነሥቶ «ነገ እመለሳለሁ» ይለን ነበር፤ አድርጎታልም። እዚህ ጀልባው ሰዓት አለው። እንግሊዞች በቅኝ ግዛት ዘመናቸው ያስቸገራቸውን ሰው ሲሼልስ የሚልኩት ወደው አይደለም። የአሻንቲው ንጉሥ ፕሬምፔ እ.ኤ.አ. በ1900 ተግዘው መጥተው እስከ 1924 ቆይተዋል፤ የቆጵሮሱ ሊቀ ጳጳስ ማካሪዮስም በ1956 እዚሁ ተልከዋል። ዛሬ ለግዞቱ በአዳር ይከፈላል።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ሸሽቶ ነበር። ትንሹ ከአያቱ ጋር ሸርጣን ያሳድዳል። ትልቋ ልጃችን 11 ዓመቷ ነው። እሷና አባቷ ጉልበታቸው በማይደርስ ውኃ ውስጥ ቁጭ ብለው ስለ ምንም ያወራሉ፤ ስለ ሌሊት ወፍ ነበር። በሲሉኤት ዋሻዎች ውስጥ የሚኖር አንድ የሌሊት ወፍ ዝርያ አለ፤ በዓለም ላይ የቀሩት ከ100 በታች እንደሆኑ ይነገራል። ልጄ ይህን ስትሰማ ጥቂት ዝም ብላ፣ «ብቻውን ምሳ የሚበላ ይኖራል ማለት ነው» አለች። ባለቤቴ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ከዚያ ከጥቅምት ጀምሮ ትምህርት ቤት ውስጥ ምሳ የምትበላው ብቻዋን እንደሆነ ነገረችው። ሁለት ጓደኞቿ ቦታ ቀይረዋል፣ ሌሎቹም እሷ ስትመጣ ይነሣሉ። ምሳ ዕቃዋ በየቀኑ ባዶ ሆኖ ይመለስ ነበር። ግማሹን የምትሰጠው ለጥበቃው ውሻ ነበር።

ሰባት ወር። በየምሽቱ «ትምህርት እንዴት ነበር?» ስትባል «ጥሩ» ስትል ቆይታለች፤ በ1 ሰዓት ተኩል ውስጥ የሚመለሰው መልስም እሱ ነው። ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያወጣው ስትጠይቁት አይደለም፤ ሌላ የሚወራ ነገር ሲያልቅበት፣ እናንተም ወዴትም እንደማትነሡ ሲያውቅ ነው። ባለቤቴ ምንም ምክር አልሰጣትም። «እንዴት አልነገርሽንም?» አላለም። «ውሻው ስሙ ማነው?» አላት። ስሙን ነገረችው፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ ውኃው መሙላት ጀመረና ወደ ዳር ወጡ። ስልኩ ፎጣው ላይ ሦስት ጊዜ ጠርቶ ነበር። ማንም አላነሣውም።

ከተመለስን በኋላ ትምህርት ቤቱን አነጋገርን፤ ነገሩ ቀላል አልነበረም፣ እሱ ራሱን የቻለ ዓምድ ይወጣዋል። አሁን የምትበላው ከሁለት ልጆች ጋር ነው።

እዚህ ላይ የምትጠይቁኝን አውቃለሁ፦ «ታዲያ ይህን ለመስማት ሲሼልስ ድረስ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። 65 ሰዓት ላንጋኖም ይገኛል፤ ሐይቅ ዳርም፣ የአያቶች ገጠርም ይገኛል፤ ዕቁቡ ካልደረሰ እዚያው ሂዱ። ግን ሦስት ነገር ጠይቁ። መኪናው ቁልፍ ማን ዘንድ ነው? ክፍሉ ውስጥ ቴሌቪዥን አለ? ሌላ ዘመድ «እኛም እንመጣለን» ብሏል? ሦስቱም ከተሟሉ ከተማችሁን ይዛችሁት ሄዳችኋል። የውጭው ደሴት ትልቁ ጥቅሙ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ መስጠት የማያስፈልግ መሆኑ ነው። ባሕሩ መልሶላችኋል።

ቆርጣችሁ ለተነሣችሁ፣ የቀረችኝን ላክል። ባንካችሁ ለተጓዥ የሚሸጠውን የውጭ ምንዛሪ መጠንና የዓለም አቀፍ ካርዳችሁን ገደብ ከቲኬቱ በፊት ጠይቁ፤ ሪዞርቶች ስትገቡ ከካርዱ ላይ የመያዣ ገንዘብ ይይዛሉ፣ የሚለቀቀውም ከወጣችሁ በኋላ ቆይቶ ነው። የባሕር ዔሊ ወደ አሸዋ ወጥታ እንቁላል ስትጥል ማየት የሚፈልግ ልጅ ካላችሁ የእኛን ሚያዝያ ተዉትና ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ምረጡ። በሌላው ዓለም በሌሊት የምትወጣው ሆክስቢል የምትባለው ዔሊ ሲሼልስ ላይ በቀን ትወጣለች፤ ዝናቡን ግን ታገሡት። ጀልባ ላይ የሚያቅለሸልሸው ሰው ዓይኑን ሩቅ አድማስ ላይ ያድርግ፣ ስልክ አይይ። ወደ ተራራው መውጣት ከፈለጋችሁ ከመሪ ጋር፣ በጠዋት፣ ከአምስት ዓመት ልጅ ውጭ። ባለቤቴና ትልቋ በአራተኛው ቀን ወጥተው ጭቃ ለብሰው ተመለሱ፤ ነፍሳት የሚበላውን እንስራ መሰል ተክል አይተዋል፣ የሌሊት ወፉን አላዩም።

በመጨረሻው ቀን ምሳ ላይ የዳቦ ፍሬ ቀረበ። በእንግሊዝኛ ብሬድፍሩት የሚሉት፣ ሲጠበስ ድንችን ዳቦ የሚያስመስል ነገር ነው። አስተናጋጇ እሱን የበላ ሰው ወደ ሲሼልስ መመለሱ አይቀርም የሚል አባባል እንዳላቸው ነገረችን። ተረጎምኩላቸው። አማቴ ሳህናቸውን አይተው፣ ባለቤቴን አይተው፣ «እኔ እኮ ደግሜያለሁ። ዕቁቡን አሁኑኑ ጀምሩ» አሉ።